«ሌብነት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም»፦ በባሕር ዳር የወንጀል ጥናት ለሚጀምር መምህር

በዩኒቨርሲቲ የወንጀል ጥናትን ሙያው ሊያደርግ የሚነሣ ወጣት መምህር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአኃዝ ነው። ከፖሊስ የዓመቱን ሪፖርት ያመጣል፣ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ከአምናው ጋር ያስተያያል፣ ከዚያም ስርቆት ጨምሯል ወይም ድብደባ ቀንሷል ብሎ ይጽፋል። እኔም የጀመርሁት እንደዚሁ ስለነበር ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። በጣና ዳር ስሠራ የተረዳሁት ግን፣ መዝገብ በዋናነት የሚነግረን ስለ ወንጀሉ ሳይሆን፣ ነገሩ ከተፈጸመበት ቦታ ተነሥቶ የፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ስላለፈበት መንገድ መሆኑን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ያንን መንገድ መከተል እንዴት እንደሚቻል፣ በየምዕራፉም ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

የጎደለውን ግማሽ መሙላት

ክሪሚኖሎጂ፣ ማለትም የወንጀል ጥናት፣ ከወንጀል ሕግ ጋር አንድ አይደለም። ሕጉ አንድ ድርጊት ወንጀል መሆን አለመሆኑንና ቅጣቱን ይወስናል፤ ክሪሚኖሎጂ ግን ድርጊቱ ለምን፣ የትና በእነማን እንደሚፈጸም፣ ኅብረተሰቡና መንግሥትም ምን ምላሽ እንደሚሰጡ ይመረምራል። በአገራችን ወደዚህ ሙያ የሚገቡ መምህራን በአብዛኛው ከሕግ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከሥነ ልቡና ወይም ከሶሻል ወርክ የተመረቁ ናቸው፤ በሰንዳፋ በሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለፉም አሉ። በየትኛውም በር ቢገቡ አንድ ግማሽ ይጎድላል። የሕግ ምሩቁ ስታቲስቲክስንና የመስክ ሥራን መማር አለበት፤ የሶሲዮሎጂ ምሩቁ ደግሞ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውን የወንጀል ሕግ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። በብዙ የፖሊስ ቅጾች ላይ «ሰው መግደል» ተብሎ በአንድ ረድፍ የሚደመረው ነገር በሕጉ ውስጥ እጅግ የተለያዩ ድርጊቶችን የያዘ ነው፦ ከባድ የሰው ግድያ በአንቀጽ 539፣ ተራው በ540፣ ቀላሉ በ541፣ በቸልተኝነት የሚፈጸመው ደግሞ በ543 ተደንግጓል። በመኪና አደጋ ሰው የሞተ እንደሆነ አሽከርካሪው የሚከሰሰው በዚሁ በ543 ነው። አንቀጾቹን ሳይለይ የደመረ ተመራማሪ በጎዳና ላይ የሞቱትን እግረኞች ከደም ተበቃዮች ሰለባዎች ጋር ቀላቅሎ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና በበዛበት መንገድ ዳር ያለውን ቀበሌ የነፍሰ ገዳዮች ሰፈር ሊያደርገው ይችላል። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፣ ከ9 እስከ 15 ያሉትን ወጣት ጥፋተኞች ብሎ ለብቻቸው ያያል፣ ከ15 በላይ ሆነው 18 ያልሞላቸውንም በሌላ ድንጋጌ ያስተናግዳል። መጠይቁ ላይ «ከ10 እስከ 19» ብሎ ዕድሜን መክፈል ለሌላ ጥናት ይበጅ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

ስለ ማዕረጉ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያደርሰው መሰላል በሁሉም ዘርፍ አንድ ነው፤ የሚቆጠረውም የማስተማር ጊዜ፣ የታተመ ጽሑፍና የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። በዚህ መስክ ልዩ የሚሆነው የጊዜው ርዝመት ነው። አንድን የመረጃ ምንጭ ለማስከፈት ብቻ ወራት ስለሚፈጅ በየዓመቱ ርእስ የሚለዋውጥ ሰው በየዓመቱ ከደጅ ጥናት ይጀምራል። አንድ ጠባብ ጥያቄ ይዞ ቢያንስ አምስትና ስድስት ዓመት መቆየት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጽሑፍ ያቀላል።

ጥያቄውን ከከተማው መምረጥ

ባሕር ዳር ለዚህ ሙያ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት ከጥንት ጀምሮ የሚነዳባት ስለሆነች የብስክሌት ስርቆት ብቻውን አንድ የምርምር ፕሮግራም ይወጣዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ሰዓት መገናኘት አለባቸው ይላል፦ ለመስረቅ የተነሣሣ ሰው፣ ምቹ ንብረትና የጠባቂ አለመኖር። ይህን በክፍል ውስጥ ከማስተማር ይልቅ ተማሪዎችን እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ገበያው ልኮ ስንት ብስክሌት እንደቆመ፣ ስንቱ እንደተቆለፈ፣ ማን እንደሚጠብቅ እንዲቆጥሩ ማድረግ ይሻላል። ጠባቂ ሲባል የግድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አለመሆኑን፣ ከዛፉ ሥር የተቀመጠችው ቆሎ ሻጭ ከማንም በላይ እንደምትጠብቅ ራሳቸው ያገኙታል።

ከከተማው ወጣ ሲባል የመሬት ክርክር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻና የደም መመለስ ጉዳይ አለ። የመሬት ድንበር ጠብ በገጠሩ ለግድያ መነሻ መሆኑ ለማንም የአካባቢው ሰው አዲስ አይደለም፤ ተመራማሪው ሊጠይቅ የሚገባው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከተሰጠ በኋላ ጠቡ ቅርጹን እንዴት እንደለወጠ ነው። ድሮ በድንበር የነበረው ዛሬ በውርስና በኪራይ ውል ላይ ዞሮ ሊሆን ይችላል።

ሐይቁ ደግሞ ከሣሽ የሌለበትን ወንጀል ለማጥናት አቻ የለውም። ነጭ ዓሣ የሚባለው በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ሽቅብ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሐይቁን የነገ ምርት ይወስዳል። የዓሣ ሀብትን ልማትና አጠቃቀም የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ይሁንና ዓሣው ጣቢያ ሄዶ አቤት አይልም። እንዲህ ያለውን ጥፋት በፖሊስ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ባዶ ገጽ ያገኛል፤ ከመዝገቡ ይልቅ በዓሣ መረከቢያው የሚመጣውን የዓሣ መጠንና የመረብ ዓይን ስፋት መለካት ይኖርበታል።

ደብዳቤው፣ ምሪቱና መዝገቡ

መረጃ ለማግኘት ከትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ማጻፍ ግዴታ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ማንንም እንደማይመለከት ከልምድ አውቃለሁ፤ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በስሙ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከመምሪያ ወደ ጣቢያ እየተጻፈ መሄድ አለበት። ደብዳቤው ላይ የሚፈለገው ነገር በዝርዝር ይቀመጥ፦ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ወንጀል፣ የትኞቹ ዓምዶች፣ ስም የማይገለበጥ መሆኑ። ኃላፊው ጥግ ላይ «ይተባበሩት» ብሎ ምሪት ካልጻፈበት ቁልፉ አይከፈትም። አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ወር ሙሉ «ነገ ተመለስ» ሲለኝ ቆይቶ በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ደብዳቤዬ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ መታሰሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገቢ ቁጥሩን ሳልይዝ ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

መዝገቡ ከተገኘ በኋላ ወዲያው ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ አይገባም። ለአንድ ሳምንት ያህል ከመዝገብ ያዡ ሳጅን አጠገብ ተቀምጦ አንድ አቤቱታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ጉዳዮች የትኞቹ እንደሆኑ፣ «ሂዱና ታረቁ» ተብለው የሚመለሱት ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ፣ አቤቱታው በቃል ከቀረበበት እስከ ተጻፈበት ድረስ ስንት ቀን እንደሚያልፍ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። በአንድ የሐይቅ ዳር ጣቢያ የመረብ ስርቆቶችን ስገለብጥ በብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «8 ሰዓት»፣ «9 ሰዓት» ብቻ ነበር፤ ከቀኑ ይሁን ከሌሊቱ አልተገለጸም። መረጃውን በኮምፒውተር የሚያስገባልኝ ተማሪ ሁሉንም የቀን ሰዓት አድርጎ ሞላው፤ እኔም ሳላጣራ፣ ስርቆቱ የሚበረታው ከምሳ በኋላ ዓሣ አጥማጆች ሲያርፉ ነው የሚል ያማረ ማብራሪያ ጻፍሁበት። ረቂቁን ለአንድ አጥማጅ ባነበብሁለት ጊዜ ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። መረብ የሚዘረጋው ማታ ነው፣ የሚነሣው ንጋት ላይ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሐይቁ ላይ የሚሰረቅ መረብ ከየት ይመጣል? ማብራሪያዬ እንዳለ ተጣለ። ለውጭ አገር መጽሔት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጆቹ 2 ሰዓት መሆኑን፣ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን፣ ጳጉሜን በየትኛው ወር ላይ እንደደመረ በግልጽ ካላስቀመጠ አንባቢው ሌላ አገር ያነባል።

ሰዎችን መጠየቅ

በመዝገብ ያለው ከተፈጸመው የተወሰነው ብቻ መሆኑን ቤልጅማዊው አዶልፍ ኬትሌ ከመቶ ዘጠና ዓመታት ገደማ በፊት ተናግሮታል። በዚህም ምክንያት አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዞች ደግሞ ከ1982 ጀምሮ (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) ቤት ለቤት እየሄዱ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው መጠየቅ ጀመሩ። ዘዴው ለእኛም ይሠራል፤ መጠይቁ ግን እንዳለ ተተርጉሞ አይሠራም። በዓሣ መረከቢያው አጠገብ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያደረግሁትን ንግግር ማስታወሻዬ ላይ እንዳለ ላስቀምጠው።

«አባባ፣ ባለፉት 12 ወራት የወንጀል ሰለባ ሆነው ያውቃሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ወንጀል ደርሶብኝ አያውቅም።»

«የለም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጌ ልሄድ ስል ሻይ ጋበዙኝ። ደንገሉ ታጭዶ ለታንኳ በፀሐይ ተሰጥቶ ነበርና ስለሱ እየተጫወትን ሳለ እንደ ዋዛ ጠየቅኋቸው።

«መረብዎ ጠፍቶብዎትስ ያውቃል?»

«መረብማ! ዘንድሮ ብቻ ሁለቴ ወስደውብኛል። እሱማ ሌብነት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀል ሰው የገደለ እንደሆነ አይደል?»

ከዚህ የተነሣ በመጠይቄ ውስጥ «ወንጀል» የሚለው ቃል አንድም ቦታ እንዳይገባ አድርጌያለሁ። ስለ መረብ፣ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዱላና ስለ ዛቻ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። «12 ወራት» የሚለውንም ትቼ «ካለፈው ጥምቀት ወዲህ» ወይም ለሙስሊም ቤተሰብ «ካለፈው ረመዳን ወዲህ» እላለሁ፤ ሰው ነገሩ የደረሰበትን ጊዜ የሚያስታውሰው በበዓል እንጂ በወራት ቁጥር አይደለምና። (ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የሁለቱን ጊዜ ርዝመት ማስተካከል እንዳይረሳ።) ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የጥናቱ ልብ ነው፦ «ከዚያስ ለማን ነገሩ?» ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት፣ ለዕድር ዳኛ፣ ለሽማግሌ፣ ለቀበሌ፣ ለፖሊስ፤ መልሱ በቅደም ተከተል ይጻፍ። ነገሩ የት ላይ እንደቆመ የሚያሳየው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ሽምግልናን የሚያጠና ሰው ሁለት ጽንፎችን ሊሸሽ ይገባል፤ አንዱ ሁሉን የሚፈታ መድኃኒት አድርጎ ማወደስ ነው፣ ሌላው የሕግ እንቅፋት ብቻ አድርጎ መቁጠር ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ብሬዝዌይት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ያቀረበው ሐሳብ፣ ጥፋተኛውን አሳፍሮ መልሶ የሚያቅፍ ኅብረተሰብ ወንጀልን ይቀንሳል፤ አሳፍሮ የሚያርቅ ግን ያበዛዋል የሚል ነው። የእርቅ ሥርዓታችን ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ የደም እርቅ ከወረደ በኋላ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንድ በአንድ «አላየሁም» ማለት እንደሚጀምሩ፣ መዝገቡም በማስረጃ ጉድለት እንደሚዘጋ መርማሪዎች ይናገራሉ። በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ሲሆን ደግሞ ታራቂዎቹ አባቶች እንጂ ልጅቱ ያልሆነችበት እርቅ ይኖራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ብቻ ጠይቆ መመለስ ጥናቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። አንዲት ሴት ረዳት ተመራማሪ ለብቻዋ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ቦታ ካላነጋገረቻት በስተቀር ተበዳይዋ የምትለው ነገር አይገኝም።

ስም ሳይጠሩ መጠቆም ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአውጫጭኝ ጊዜ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ሲውጣጣ፣ ጠቋሚው «ወፍ ነገረችኝ» በሚል አነጋገር ራሱን ይሰውር ነበር። ስም የማይጻፍበትን መጠይቅ ለገጠር ሽማግሌ ሳስረዳ ይህችን ወፍ ባነሣሁ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባቸዋል። ልዩነቱንም አብሬ እናገራለሁ፦ የእኔ ወፍ ማንንም አታስይዝም።

ማረሚያ ቤት ሲገባ

ታራሚን «አንተ» ብሎ የሚጀምር ቃለ መጠይቅ እንደ ምርመራ ይሰማል። በዕድሜ ከጠያቂው ቢያንሱ እንኳ «እርስዎ» ማለት ይሻላል፤ ይህች ትንሽ ነገር ግማሹን በር ትከፍታለች። ጠባቂ በሚሰማበት ርቀት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም፤ ስለዚህ ጠባቂው እንዲያይ እንጂ እንዳይሰማ የሚሆንበትን ቦታ አስቀድሞ ከኃላፊው ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ሳሙናም ሆነ ገንዘብ ለመልስ ዋጋ ተደርጎ አይሰጥም። ይልቁንም ጥናቱ በፍርዳቸውም ሆነ በአመክሯቸው ላይ ምንም እንደማይለውጥ ደግሞ ደጋግሞ መንገር ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ደብተር የያዘ ሰው ሲያዩ ይግባኝ የመጣ ይመስላቸዋልና።

ከሁሉ የሚከብደው የምሥጢር ጉዳይ ነው። ተመራማሪ እንደ ጠበቃ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያልገለጠን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ይባል፦ «ያልተፈረደብዎትን ጉዳይ አይንገሩኝ፤ የሌላ ሰው ስምም አይጥሩብኝ፤ የምጠይቅዎት በተፈረደብዎት ነገር ዙሪያ ብቻ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር በፈቃድ ቅጹ ላይ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ማንበብ ለማይችሉ በቃል መነገር አለበት። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚዎችም ማመልከቻው ላይ መጀመሪያ ሊያዩት የሚገባው ይህ ነው።

ስሌትና ኅትመት

አኃዝ ሲነጻጸር በ100,000 ሰው መመጣጠን አለበት፤ እዚህ ላይ አካፋዩ ያስቸግራል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነውና ከዚያ ወዲህ ያለው የከተማ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ከተማ በዓመት 12 ግድያ ተመዝግቦ ነዋሪው 300,000 ነው ቢባል ምጣኔው 4 ይሆናል፤ ነዋሪው 400,000 ከሆነ ግን ወደ 3 ይወርዳል። አንድም ሰው ከሞት ሳይድን ወንጀል በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። ጸጥታ በደፈረሰ ጊዜ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ይሳሳል፤ ሰው ወደ ጣቢያ መሄድ ስለሚፈራና መንገድ ስለሚዘጋ እንጂ ሌባ ስለጠፋ አይደለም። እንዲህ ያሉትን ዓመታት ከሰላሙ ዓመት ጋር በአንድ መስመር ማገናኘት አይገባም።

ቀበሌና ማኅበረሰብ በስም ሲጠቀስም መጠንቀቅ ያሻል። በጣና ዳር ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ የሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከድሮ ጀምሮ ያለ ጥፋቱ ሲገለል የኖረ ነው፤ «መረብ የሚጠፋው በእነ እገሌ ሰፈር ነው» የምትል አንዲት ሐረግ በጥናት ስም ብትወጣ ለአሮጌው ንቀት አዲስ ማኅተም ትሆናለች። ቦታውን በፊደል መሰየም ይበቃል።

ለማዕረግ ዕድገት ሲባል ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ የሚያትም መጽሔት ላይ መጻፍ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ያለ ገምጋሚ የወጣ ጽሑፍ ውሎ አድሮ ባለቤቱን ያሳፍራል። ከእንግሊዝኛው ኅትመት ጋር ሦስት ገጽ የማይበልጥ የአማርኛ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶ መረጃውን ለሰጡት ሁሉ ይሰጥ፤ ለኃላፊው ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ለያዘው ሳጅንም። የመረብ ስርቆቱን ጽሑፍ ካረምሁት በኋላ አንዱን ቅጂ ለዚያ ጣቢያ ወስጄ ነበር። በሌላ ጊዜ ስመለስ በአዲሱ መዝገብ ላይ፣ ከሰዓቱ ዓምድ አጠገብ፣ በማስመሪያ የተሰመረች ጠባብ ዓምድ አየሁ፤ ከላይዋ በቀይ እስክሪብቶ «ቀን/ሌሊት» ተብሎ ተጽፎባታል።